ሃያ ስምንት ዓመት የሮጠ ሟች

ቀን፦ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ
ለምኖርበት ወረዳ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ1989 ዓ.ም. የሞተው ወንድሜ ሞት እንዲመዘገብልኝ፣ የእኔም ትክክለኛ ስምና ዕድሜ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በእጄ ባለው መታወቂያ ስሜ ጉተማ መዝገቡ፣ ዕድሜዬ 45 ነው። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ጉተማ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከሞተ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እኔ ታላቁ፣ ገሜዳ መዝገቡ ነኝ፤ ዕድሜዬም 53 ነው። በዚህ ማመልከቻ ራሴን እየከሰስኩ መሆኔ አልጠፋኝም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያነቡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

1. የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ለሕንፃ ሥራ ሲባል አሮጌ መቃብሮች ስለሚነሡ፣ ቤተሰብ ሁሉ የሟቹን የሞት ምስክር ወረቀት ይዞ እስከ ግንቦት 30 ቀን እንዲቀርብ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ጠያቂ ያልቀረበለት አፅም ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ያርፋል። የጉተማ መቃብር ላይ ስም የለም። እናታችን ወ/ሮ ተናኘ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ማስታወቂያውን ሳነብላቸው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ልጄን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አታስተኛብኝ።»

2. ባለፈው ማክሰኞ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። መስኮቱ ላይ ያገኘኋት ወ/ሪት ሔለን በጥሩ ሁኔታ አስተናግዳኛለች፤ ምስጋናዬ ይድረሳት። የሟቹን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ኮምፒዩተሩ ላይ ፈልጋ ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። «ጋሼ፣ ይሄ ሰው እኮ አልሞተም፤ እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። በጽሑፍ እንዳመለክት የመከረችኝም እሷው ናት።

3. ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሁለታችንም ሯጮች ነበርን፤ ጎበዙ ግን እሱ ነበር። እኔ ሃያ አምስት፣ እሱ አሥራ ሰባት ዓመታችን። በ1989 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከጉልበቱ በታች አጥንቱን ያመው ጀመር። የአስኮን ዳገት ስንወጣ «ወንድም ጋሼ፣ እግሬ አልሆነልኝም» አለኝ። «ሲሞቅ ይተውሃል» አልኩት። ሯጭ ሁሉ የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜም ይተዋል። ለወጣቶች ውድድር ተመዝግቦ ስለነበር ስለ ዕረፍት እንዲያነሣብኝ አልፈለግሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሕመሙ ላይ አስሮጥኩት። በመጨረሻው ቀን ከኋላዬ ሲያነክስ፣ አንዱ እርምጃ ረዘም አንዱ አጠር ሲል እየሰማሁ ዞር ብዬ አላየሁትም። ማታውኑ እግሩ አበጠ፣ ትኩሳት ያዘው። አጥንቱ ውስጥ መግል ቋጥሮ ወደ ደሙ ገብቶ ኖሯል። ሆስፒታል በገባ በአራተኛው ቀን፣ መጋቢት 27 ቀን፣ አረፈ።

4. አርባው እንደወጣ አሰልጣኛችን ኃይለመስቀል፣ ነፍሱን ይማርና፣ የጉተማን የውድድር ካርድ ይዞ ቤት መጣ። መልካችን አንድ ነው፤ እኔም ቀጭን ነበርኩ። «ስሙ ባክኖ ከሚቀር አንተ ሩጥበት» አለኝ። በሃያ አምስት ዓመቴ አንድም ክለብ እንደማይቀበለኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሐዘን ነው ያሳተኝ እያልኩ ለብዙ ዘመን ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ክቡር ኃላፊ፣ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ መሮጥ ፈልጌ ነው። እሱ በተመዘገበበት የወጣቶች ውድድር ሁለተኛ ወጥቼ ክለብ ገባሁ። በስሙ መታወቂያ አወጣሁ፣ በስሙ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ፣ በስሙ አገባሁ። ልጄ ሜቲ በወረቀት የአጎቷ ልጅ ናት። ሰው አይቶ እንዳይጠይቅ ብዬ የመቃብሩ ድንጋይ ባዶ እንዲቀር ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለዲጂታል መታወቂያ የአሥሩንም ጣቶቼን አሻራ በእሱ ስም ሰጠሁ።

5. ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ ቢሉኝ አጥጋቢ መልስ የለኝም። በ1994 ዓ.ም. እናቴ አንድ ጊዜ ውድድር ሊያዩ መጥተው ነበር። ሦስተኛ ወጥቼ በድምፅ ማጉያው «ጉተማ መዝገቡ» ሲባል ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኔን ግን አላዩም፤ ከእኔ ኋላ ያለውን መንገድ ነበር የሚያዩት። ቤት ስንገባ «ዛሬ ማንን ነው የጠሩት?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውድድር መጥተው አያውቁም። እኔ ግን አላቆምኩም፤ እኔ ካልሮጥኩ ያንን ስም ጮክ ብሎ የሚጠራ ማን አለ? እየናፈቀኝ ነው የሮጥኩት። እየፈራሁም ነው።

6. አሁን ሰውነቴ አጋለጠኝ። በአርባዎቹ ምድብ ስሮጥ ባልደረቦቼ «ያረጀ አርባ አምስት» እያሉ ያሾፉብኛል። የግራ ተረከዜ ጅማት ሁለት ጊዜ ተጎድቷል፣ ጉልበቴም ያብጣል። የምታክመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሰልዋ ዩሱፍ ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ «ጋሽ ጉተማ፣ ይሄ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ጉልበት አይደለም፤ እውነቱን ይንገሩኝና ልርዳዎት» አለችኝ። ከቤተሰቤ ውጭ እውነቱን መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንድሮጥ፣ በቀሪው ቀን ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ከፍ ዝቅ እንዳደርግ፣ ከልምምድ በኋላም እግሬን በረዶ ውስጥ እንድነክር አዘዘችኝ። ጦር ኃይሎች ካለ ጁስ ቤት በረዶ እየለመንኩ እግሬን ባልዲ ውስጥ ነክሬ እንቀጠቀጣለሁ። ለወንድሜ የነፈግሁትን ዕረፍት ለራሴ በባለሙያ ትእዛዝ እወስዳለሁ።

በጠዋት ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ስወጣ ከኋላዬ የሚያነክስ እርምጃ ይሰማኛል። አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ይላል። ስቆም ይቆማል። የራሴው እግር ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጅማቱ ሲያጥር አረማመድ እንደሚለወጥ ሰልዋ አስረድታኛለች፤ አእምሮዬም ጤነኛ ነው። ሆኖም ያኔ ያልዞርኩትን አሁን በየጠዋቱ እዞራለሁ። ማንም የለም። ትንሽ ቆሜ ልምምዴን እቀጥላለሁ።

7. ይህን በማመልከቴ ከሥራ ልባረር፣ ፍርድ ቤትም ልቀርብ እችላለሁ። ባለቤቴ ውዳሴ «ጡረታህ ሊቀር፣ የልጅህ ወረቀት ሊበላሽ ነው፤ አፅም ምን ያውቃል?» ብላኝ አልቅሳለች። እውነቷን ነው። እኔም እንደ እሷ ብዬ ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በግንቦት ወር በሚደረገው የአንጋፋዎች ውድድር በጉተማ ስም ተመዝግቤ ነበር፤ ትናንት ሄጄ አሰርዤዋለሁ። ጅማቴ ከስንት ጊዜ በኋላ የተሻለው ደግሞ ገና አሁን ነበር።

8. ለማስረጃነት ወንድሜ የተቀበረበት ቀን የሰፈረበትን የዕድራችንን የቀብር መዝገብ ቅጂ፣ በ1979 ዓ.ም. በገሜዳ ስም ያገኘሁትን ባለፎቶ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ እንዲሁም የጉልበቴን ራጅ ከባለሙያዋ አስተያየት ጋር አያይዣለሁ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ገብረአምላክ ሊመሰክሩ ፈቅደዋል። እናቴም ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ ግን ሠራተኛ ወደ ቤት ቢላክልን።

ስለሆነም ጉተማ መዝገቡ መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም. መሞቱ ተመዝግቦ ምስክር ወረቀቱ ከግንቦት 30 በፊት እንዲሰጠኝ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በስሙ የተፈጸመው ሁሉ በእኔ በገሜዳ ላይ እንዲቆጠር፣ ልጄ በአባቷ ጥፋት እንዳትጉላላ እለምናለሁ። ለቀረው ሕግ እንዳዘዘ እሆናለሁ።

በማንኛውም ቀን ብትቀጥሩኝ እገኛለሁ። አንዲት ነገር ግን ለመስኮቱ ሠራተኞች ይንገሩልኝ። ተራዬ ሲደርስ መታወቂያው ላይ ባለው ስም አይጥሩኝ፤ አልነሣም። ገሜዳ ብለው ይጥሩኝ። በዚህ ስም ባዕድ ሰው ከጠራኝ ሃያ ስምንት ዓመት ስላለፈ ቶሎ ላይሰማኝ ይችላል። አንዴ ተጠርቼ ባልነሣ ቀርቷል ብላችሁ ወደሚቀጥለው ሰው አትለፉ፤ እባካችሁ ደግማችሁ ጥሩኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፊርማ ____________
ገሜዳ መዝገቡ