ጭራውን አይቼ የፈረድኩበት ፊልም

ለውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ታዘዘልህ? ቦርጭህ ደህና መሆኑን ሳልጠይቅም አውቃለሁ። ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ ቤቱስ እንዴት ነው? እኔ እግሮቼ ከማበጣቸው በስተቀር ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ አልታመምኩም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ በስልክ የምለውን ሁሉ ቀልድ አድርገህ ስለምትሰማው ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ሥራዬን ታውቃለህ። ፊልም ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መጥረጊያዬንና ባልዲዬን ይዤ አዳራሹ በር ጥግ እቆማለሁ፤ መብራት ሲበራ ከወንበር ሥር ፈንዲሻና ማስቲካ እለቅማለሁ። አሥራ አራት ዓመት እንዲሁ ነው። ቲኬት ቆራጯ፣ ጋሼ እርስዎ እኮ ፊልም አይተው አያውቁም፣ የሚያዩት ጭራውን ነው እያለች ትቀልድብኛለች።

ሰሞኑን አንድ ፊልም መጣ። መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት፣ ባሏ ገበታ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሻንጣዋን አንስታ ትወጣለች። አልመታት፣ አልሰደባት፤ ማንኪያውን እንደያዘ ይቀራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መጥረጊያዬን ተደግፌ፣ ምን ዓይነቷ ልበ ደንዳና ናት እያልኩ ስረግማት ሰነበትኩ።

ባለፈው ማክሰኞ እግሬ አልሄድ ሲለኝ ቲኬት ቆራጯ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ፊልሙን ከመጀመሪያው አየሁት። ለካ ታሪኩ የሚነገረው በእሷ ዓይን ነው። የባልየው ፊት ብዙም አይታይም፤ ከወዲያኛው ክፍል ድምፁ ይመጣል። ጨው፣ ውሃ፣ ሸሚዜስ ይላል። አንድ ምሳ ልትበላ ስትቀመጥ ስንት ጊዜ እንደተነሳች ቆጠርኩ፤ ሰባት ጊዜ። በኋላ ምግቡ ስለቀዘቀዘ መልሳ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ሰውየው ክፉ አይደለም እኮ። አላያትም፣ በቃ።

ያኔ ልጅህ ሚጡ ትዝ አለችኝ። አምና እሷና መካኒኩ ባሏ ቤት ሦስት ቀን ስሰነብት፣ ቁጭ ብላ ያየሁበትን ሰዓት ባስብ ባስብ አጣሁት። መካኒኩ ግን ከእኔ ጋር ካርታ ይጫወት ነበር። ጥላው ወጥታ አንተ ቤት የገባች ዕለት ስትደውልልኝ፣ ገና አጎቴ ከማለቷ፣ መካኒክ ያገባች ሴት ምን ተበላሸብኝ ትላለች፣ ተመለሺ ብዬ አፏን ዘጋሁት። የሳቀች መስሎኝ ነበር።

አሁን በወሩ መጨረሻ እሑድ ሽማግሌዎች ሊመልሷት ነው አሉ። የምትይዙትም፣ ታላቅየው አጎቷ ተመለሺ ብሏል የሚለውን ቃሌን ነው። ቃሌን አንስቻለሁ።

ሰው ሁሉ በሴት ዓይን የተነገረ ፊልም ይይ የምለው ሴቶችን ለማስደሰት ብዬ አይደለም። እነሱማ ታሪኩን ያውቁታል። ዕድሜያችንን ሙሉ ገበታው ላይ ተቀምጠን ጓዳውን ሳናይ የምንፈርደው እኛ ነን። እናንተ ጋም እንዲህ ያለ ፊልም ሲመጣ ሽማግሌዎቹን ይዘሃቸው ግባ፤ የሚያንቀላፋ ካለ ቆንጥጠው። ካልመጣም ሚጡ አለችላችሁ። ሳታቋርጧት ከመጀመሪያው ታውራ። ከዚያ በኋላ እመለሳለሁ ካለች ትመለስ፤ አልመለስም ካለች ግን የሚገፋት አይኑር።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ትልቁ ልጅህ በትምህርቱ ይበርታ። ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ በአንድ ምሳ ስንት ጊዜ እንደምትነሳም ቁጠርና ጻፍልኝ። ለሚጡ ሰላምታዬን ብቻ እንዳታደርስ፤ ደብዳቤውን ራሱን ስጣት። እሑድ ዕለት እሷ ትያዘው፤ ቃሌን የሚጠቅስ ሽማግሌ ካለ አውጥታ ታንብብለት።

ወንድምህ
ከሲኒማ ቤቱ የዕቃ ክፍል
ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን