ለክብርዎ ሲባል ስለተቃጠለው ሰጋቱራ

ለተከበሩ የኢንዱስትሪዎች አረንጓዴ ሽግግር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

“ይሄ ጭስ ግን ባለቤት የለውም እንዴ?” ነጭ አንሶላ አስጥቶ ግራጫ አንሶላ የሚያነሣ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አልቀረም። መልሱን ፍለጋ በዚህ ጋዜጣ በኩል ወደ እርስዎ ከመምጣቴ በፊት ግን የከበረ ሰላምታዬን ላስቀድም። ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ሳንባዎስ? ቢሮዎ ከጭሱ በላይ ባለ ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ መስኮቱም እንደማይከፈት ስለማውቅ ብዙም አልሠጋም። ብዕር የሚይዘውን እጅዎን ቁርጥማት አይንካው፤ በዚህ ወር መጨረሻ የሚፈርሙበት ነገር አለና።

እኔ አምና በኬሚካል ምህንድስና ተመርቄ በጡብ ፋብሪካው በጊዜያዊነት የተቀጠርሁ ወጣት ነኝ። የምኖረው ከፋብሪካው አጥር ሥር፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ አስም አለባት። ሐኪሟ “ወይ ጭሱ ይራቅሽ፣ ወይ አንቺ ራቂው” ብሏት ስለነበር፣ ልጆቿን ያሳደገችበትን ቤት ትታ ለመሄድ ዕቃዋን በጆንያ ማሰር ጀምራ ነበር። ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ቅሬታ ብዬ ብጠራው ወደ ቅሬታ ሰሚ ይመሩኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

አንደኛ፦ የፋብሪካችን ጭስ መውጫ አረንጓዴ ቀለም እንዲቀባ መመሪያ ስለሰጡ አመሰግናለሁ። መመሪያው ለጭሱ አልደረሰውም መሰለኝ፣ እሱ አሁንም ጥቁር ነው።

ሁለተኛ፦ በአዳራሹ ስብሰባ “ዑደታዊ ባዮ ኢኮኖሚ” የሚለውን ቃል ስላስተዋወቁን አመሰግናለሁ። ማታ ለአክስቴ “የአንዱ ትራፊ ለሌላው ጉልበት ሲሆን ማለት ነው፤ ከዛፍና ከሰብል የተረፈው ሳይጣል ዞሮ ሥራ ላይ ሲውል” ብዬ ባስረዳት፣ “አይ አንቺ! የታላቅሽን ቀሚስ እየለበስሽ አድገሽ ይሄን ለመማር አምስት ዓመት ፈጀብሽ?” አለችኝ። ይቅር ይበሏት፣ ስብሰባው ላይ አልነበረችም።

ሦስተኛውን ለመዘርዘር ትንሽ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

ፋብሪካችን ጡብ የሚተኩሰው በድንጋይ ከሰል ነው። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ የእንጨት መሰንጠቂያ አለ፤ እሱም የሚተርፈውን ሰጋቱራ ሜዳ ላይ ከምሮ ያቃጥል ነበር። አንድ አጥር፣ ሁለት ጭስ፣ በመካከል የአክስቴ ቤት። የምድጃው ኃላፊ፣ ሁላችንም “ጋሼ ፍም” የምንላቸው ሰው፣ እና እኔ አንዱን ትንሽ ምድጃ በሰጋቱራ እንዲሠራ አድርገን ለወጥነው። ሠራ። የእኛ ከሰል ቀነሰ፣ የጎረቤት ሜዳ ከእሳት ዐረፈ፣ አመዱን የአትክልት አልሚዎች ወሰዱት። አክስቴም ጆንያዎቹን ፈታች። ጋሼ ፍም በደስታ ትከሻዬን መታ አድርገው “ተማርሽ ማለት አሁን ነው!” ሲሉኝ፣ ሌሎቹንም ምድጃዎች የምንለውጥበት ቀን ሩቅ አልመሰለኝም።

የቀረው የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነበር። ክቡርነትዎ ምድጃውን በዓይንዎ አይተው ሊወስኑ ቀጠሮ ያዙልን፤ እኛም ለዚያ ቀን የሚሆን ደረቅ ሰጋቱራ፣ ዝናብ እንዳይነካው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንደ ጎተራ እህል አከማቸን። ከዚያ ከጽሕፈት ቤትዎ ስልክ ተደወለ፦ ጉብኝቱ የሚካሄድበት ግቢ ከማናቸውም ተረፈ ምርት እንዲጸዳ። የፋብሪካችን አስተዳደር ታዛዥ ነው። እኔና ጋሼ ፍም ከሥራ በወጣንበት ሰዓት፣ ክምሩን ከግቢው ጀርባ አውጥተው አቃጠሉት። ያን ምሽት አክስቴ ሌሊቱን ቁጭ ብላ አነጋች።

በማግሥቱ መጡ። ግቢው እንደ መስተዋት ያበራል፣ ምድጃው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። “ነዳጁ የታለ?” ብለው ሲጠይቁ ጋሼ ፍም ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ወደ ጀርባ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ “ለእርስዎ ክብር ተቃጥሏል ጌታዬ” አሉ። ቀልድ መስሎዎት ከልብዎ ሳቁ፤ አብረውዎት የመጡት ሁሉ ሳቁ፤ ፎቶም ተነሣን። አብረውዎት የመጡት ባለሙያዎችም በተጠረገው ግቢ እየዞሩ የሰጋቱራውን መጠን ለመገመት ሞከሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ነገር ደረሰን። አንዱ “በጽዳት አርአያ” የሚል የምስክር ወረቀት ነው፤ በመስተዋት ተለብጦ በር ላይ ተሰቅሏል። ሁለተኛው ሙከራው “በጥሬ ዕቃ እጥረት” እንዲቋረጥና ምድጃው በወሩ መጨረሻ ወደ ከሰል እንዲመለስ የተዘጋጀ፣ ፊርማዎን ብቻ የሚጠብቅ ረቂቅ ውሳኔ ነው። ጥሬ ዕቃው ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ እንደ ቀድሞው ሜዳ ላይ እየነደደ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ!

ምናልባት እርስዎ እንደ ሌላው ሰው ክፋት ቢኖርብዎ ኖሮ መከራከር ይቀለኝ ነበር። ችግሩ፣ ሽግግሩን የሚወዱት ከልብዎ ነው፤ ንግግርዎን ሰምቼ እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ምድጃውን ለመለወጥ ያሰብሁትም ያን ቀን ነው። የምንለያየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእኛ ተረፈ ምርት ሥራው ራሱ ነው፣ ለእርስዎ ግን ከእንግዳ ዓይን የሚሸሸግ ጉድፍ ነው። ጉድፉን ተጸይፎ ዑደት የለም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው፦ ረቂቁን አይፈርሙት። ምድጃው ሲነድ፣ ግቢው እንደ ቆሸሸ መጥተው ይዩት። አክስቴ ጆንያዎቹን እንደገና አውርዳለች፤ አንዱን አስራለች፣ ሌሎቹን የእርስዎን መልስ ትጠብቅባቸዋለች። ይህን የምታነቡ ጎረቤቶችም፣ ከእንጨት ቤት፣ ከወፍጮ፣ ከአትክልት ገበያ የምትጥሉት ወይም የምታቃጥሉት ነገር ካለ ለዚሁ ጋዜጣ ጻፉልኝ። ኃላፊው ሲመጡ “እጥረት” የሚለውን ቃል አብረን እናስረሳቸው።

ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ብሎ ከሚሄድ ጭስ ጋር፣

ኮንትራቷ ከምድጃው ጋር አብሮ የሚጠፋባት
ጊዜያዊት ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ለመምጣት ከፈቀዱ፣ እባክዎ ቀኑን አስቀድመው አይንገሩን። ካወቅን እናጸዳለን።