በጋሽ በላቸው በር ላይ በከሰል የጻፍኩት

ጥር 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ዛሬ ጋሽ በላቸውን ሠራሁት። አይ፣ እሱ ነው የሠራኝ።

ይሄ ጎረቤታችን ወደ ሀና ማርያም የምታሻግረውን አቋራጭ በቆርቆሮ አጥሮ ግቢው ውስጥ ከጨመራት ወዲህ፣ እማዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። በዋናው መንገድ እንዳትዞር ጉልበቷ እምቢ አላት። እሱ ግን በዚህም በዚያም በር አበጅቶ ብቻውን ይንሸራሸርባታል። ብለምነው «ሂድ ወዲያ፣ ዱርዬ!» አለኝ።

ቆይ አልኩ። ዛሬ ጠዋት የበዓል እንግዳ ሲጠብቅ ሁለቱንም በሮች ከፍቷቸዋል። በከሰል «የቤተ ክርስቲያን መንገድ በዚህ ነው» ብዬ በሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩበት። ከፉሪ ለንግሡ የመጣው ሕዝብ በግቢው ጎረፈ! ጋሽ በላቸው በፒጃማ ወጥቶ ሊጮህ ሲል፣ አንዲት አሮጊት «መንገድ የከፈትክልን ልጄ፣ እግርህን አይመምህ» ብለው መረቁት። ሰዉ ሁሉ «አሜን!» አለ። ቆይቶማ ጭራሽ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል፣ አስመሳይ!

እማዬም በዚያው አልፋ ተሳልማ መጣች። ከተመለሰች ጀምሮ እሱን ትመርቃለች። «ልብ ገዛ፣ አየህ?» ትለኛለች። የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ብለፈልፍ ነገውኑ በሩን ይዘጋባታል። እያረርኩ «አሜን» አልኩ።

ዱርዬ ያለኝን ግን አልረሳሁም። ከሰሉም አላለቀም።