ከሞተች በኋላ ቋሚ ስለሆነችው አለቃችን

ለክቡር ዳቶ ሂው ኪያን ሴንግ
የድርጅታችን የቦርድ ሰብሳቢ
ኩዋላ ላምፑር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎም፣ ለክብርት ባለቤትዎም፣ ባለፈው ወር በተሳካ ሁኔታ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል ለተባለው ጉልበትዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ በፔናንግ ቅርንጫፍ የምህንድስና ክፍል ያለን ሴቶች፣ ከአንዳችን በስተቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። እሷም ብትሆን ሥራዋን አላቋረጠችም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

ስሜ ካላይሰልቪ አሩሙጋም ይባላል። ምናልባት በስም ባያስታውሱኝ፣ ባለፈው ዓመት ቢሯችንን ሲጎበኙ ሻይ እንዳመጣልዎ ያዘዙኝ ሴት ነኝ። ሻዩን አቅርቤ ወንበር ስስብ «እህቴ፣ ስብሰባ ልንጀምር ነው» ብለው በትሕትና በሩን አሳዩኝ። የስብሰባው አቅራቢ እኔ ነበርኩ። ሻዩ ግን ጥሩ ነው ስላሉኝ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌሎችም ስለሚያነቡት ሥራችንን ባጭሩ ላስታውስ። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ መድኃኒት በደም ሥር የሚያንጠባጥበውን ማሽን የሚያዝዘውን ሶፍትዌር የምንጽፈው እኛ ነን። መድኃኒቱ በምን ፍጥነት እንደሚገባ፣ መስመሩ ሲዘጋ ማሽኑ መቼ እንደሚጮህ የሚወስነው የእኛ ጽሑፍ ነው። በላዩ ላይ የምናደርገው ለውጥ ሁሉ ወደ ሆስፒታሎች ከመሄዱ በፊት አንድ ሰው አንብቦ ያጸድቀዋል፤ የዚያም ሰው ስም ነርሷ ፊት ባለው ማሳያ ላይ ይወጣል። ለብዙ ዓመታት የምታጸድቀው አለቃችን ቺያ ስዊ ሊን ነበረች። እርስዎን የማመሰግንባቸው ጉዳዮች ሁሉ ከእሷ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው በተራ በተራ አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ሹመቷ ነው። ስዊ ሊን ክፍሉን ከባዶ አቋቁማ፣ ፀጉሯ እስኪሸብት ስትመራው «ተጠባባቂ ኃላፊ» ትባል ነበር። ቋሚ እንድትሆን በተጠየቀ ቁጥር ቦርዱ ጉዳዩን በጥሞና እንዳየው አውቃለሁ። በመጀመሪያ ደንበኞች የወንድ ድምፅ ሲሰሙ ይረጋጋሉ ተባለ። ቀጥሎ ትቆጣለች ተባለ። መቆጣቷን ስትተው ደግሞ ቆራጥነት ይጎድላታል ተባለ። ከቻይናውያን አዲስ ዓመት ማግስት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ በድንገት አረፈች። በወሩ ድርጅቱ ስለ ሴቶች አመራር ባሳተመው ባለቀለም መጽሔት ላይ ፎቶግራፏ በትልቁ ወጣ፤ ሥሩም «የምህንድስና ኃላፊያችን» ይላል። ተጠባባቂ የሚለው ቃል የለም። ቋሚ ለመሆን ምን ጎድሏት እንደነበር ያን ጊዜ ገባን።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በእሷ ቦታ ስለላኩልን ሚስተር ዴዝሞንድ ነው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ በር ይከፍቱልናል። ይሁን እንጂ ሆስፒታሎቹ አንድ የቆየ ልማድ አላቸው፤ የሚያጸድቀውን ሰው የራሳቸው መሐንዲሶች አስቀምጠው ስለ ማሽኑ ይጠይቁታል። ይህን ፈተና ከክፍላችን ያለፍነው ስዊ ሊንና እኔ ብቻ ነን። ሚስተር ዴዝሞንድም ገብተው ነበር፤ ሲወጡ «ጥያቄው ተንኮል ያለበት ነው» አሉን። እንግዲህ ወይ የማጽደቁን ሥልጣን ለእኔ መስጠት፣ ወይ ለሆስፒታሎቹ እውነቱን መናገር የግድ ሆነ። እርስዎ ግን ሦስተኛ መንገድ አገኙ። «ለጊዜው በእሷ ስም ይለፍ» አሉ። በዚህም መሠረት ሚስተር ዴዝሞንድ በየማለዳው በሟቿ የይለፍ ቃል እየገቡ ያጸድቃሉ።

ክቡር ሆይ፣ ውሳኔዎ ጥበብ እንዳለው አልክድም። ከሕያው ሴት የሞተች ሴት ትመረጣለች። አታረግዝም፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ አትልም፣ ልጄን ማን ያመጣልኛል ብላ ከስብሰባ አትነሳም፣ ሐሳቧን ሌላ ሰው ደግሞ ሲያቀርበው ፊቷን አታጠቁርም። የቦርዱ መመዘኛዎች ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ሲሟሉ ያየሁት በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳያስተውሉት ቀርተዋል። ስዊ ሊን አንድ ሥራ ስታጸድቅ ወደ ሁላችንም ስልክ መልእክት ይደርሳል፤ ቃሉንም የመረጠችው ራሷ ነበረች። «ጸድቋል። በልታችኋል?» ይላል። እኛ እዚህ ስንገናኝ የምንጠያየቀው እንዲሁ ስለሆነ በሕይወት ሳለች ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ሚስተር ዴዝሞንድ በስሟ ማጽደቅ በጀመሩበት ዕለት ጠዋት የሁላችንም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ኖራይኒ የምትባለው ባልደረባዬ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ደፍታ አየችኝ።

«ሰልቪ፣ ማነው የላከው?»

«ዴዝሞንድ ነው ባክሽ። በሷ ስም እየገባ ነው።»

«እሱንማ አወቅኩ። በልታችኋል ወይ እያለ የሚጠይቀን ማነው?»

እኔ በማሽን የማምን ሰው ነኝ፤ መልእክቱ ከየት እንደሚመነጭ መስመር በመስመር አውቀዋለሁ። ቢሆንም አንድ ቀን ጠዋት ጣቴ ሳላስበው «አዎ፣ በልተናል» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። በጣም ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ቢሮ ስገባ መሳቢያ ውስጥ እቆልፈዋለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ በቻይናውያን አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ላይ ስላዘጋጁልን ዝግጅት ነው። እንደሚታወቀው በዚያ ወር ሙታን ወደየቤታቸው ስለሚመጡ ቤተሰባቸው ምግብ ያቀርብላቸዋል፣ በየሰፈሩም መድረክ ተተክሎ ይዘፈንላቸዋል፤ የፊተኛው ረድፍ ወንበርም የእነሱ ነው። እኔ ሂንዱ ብሆንም ያደግኩት መድረኩ ከሚተከልበት ሜዳ ጥግ ስለሆነ፣ እዚያ ረድፍ ላይ ኳስ እንኳ ቢያርፍ ይቅርታ ጠይቀን ነው የምናነሳው። ዘንድሮ የአንዱን ምሽት ወጪ ድርጅታችን ሸፈነ። ከአውስትራሊያ ያስመጡት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችን ጄረሚም ገና ሳይጨልም ካሜራውን ይዞ መጣ።

«ማዳሞች፣ ከፊት ቁጭ በሉልኝ! መሪ ከፊት ነው የሚቀመጠው።»

«ጄረሚ፣ እዚያ አይቀመጥም።»

«ባዶ ነው እኮ!»

«ባዶ አይደለም።»

ሳቀ። እርስዎም ስለ ሴቶች ብቃት ንግግር ሊያደርጉ መድረኩ ላይ ወጥተው ነበርና በእጅዎ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉን። የእኛን ሹክሹክታ እንደ ዓይን አፋርነት ቆጥረውት ይሆናል። ተቀመጥን። ሜዳው ሙሉ ሰው ወደ እኛ ዞረ። የሰፈሩ ኮሚቴ አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ በጎኔ መጥተው «አንቺ ልጅ፣ ሳትጠሪ ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። ፎቶግራፉ በማግስቱ «ሴቶቻችን በግንባር ቀደምትነት» በሚል ርዕስ ወጣ። በድርጅቱ ውስጥ ከፊት የተሰጠን ብቸኛው ወንበር የሙታን መሆኑን ጄረሚ አላወቀም፤ እርስዎ ግን የዚሁ አገር ልጅ ነዎት።

ከሕዝቡ መካከል የስዊ ሊን እናት ነበሩ። እኛ እንደ አክስት ቆጥረን አንቲ እንላቸዋለን። ከወንበሩ ስነሳ መጥተው እጅጌዬን ያዙ።

«ሰልቪ፣ ልጄ ገና ከሥራ አልወጣችም እንዴ?»

«አንቲ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ሩዟን አቀርባለሁ፣ እንዳለ ይቀዘቅዛል። በሕልሜ በር ላይ ቆማ አያታለሁ፤ አትገባም። ‹እማ፣ እየጠሩኝ ነው፣ ልመለስ› ትላለች። ወሩ እኮ ሙታን ሁሉ እረፍት የሚወጡበት ነው! የሷ አለቃ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እኚህ ሴት ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ስለ ይለፍ ቃሉም ሆነ ስለ መልእክቱ ከእኛ ማንም አልነገራቸውም። አለቃዋ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ከማስረዳት ይልቅ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንደ ምስጋና ማቅረብ ስላልቻልኩ ቁጥሩን በመተዌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወሩ ሳያልቅ ከባሕሩ ማዶ ካለ አንድ ሆስፒታል ሲስተር ኖርማላ የተባለች ነርስ ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ማዳም ስዊ ሊንን አገናኙኝ።»

«አሁን የለችም።»

«የለችም ማለት ምን ማለት ነው? ዛሬ ጠዋት እኮ አጽድቃለች፤ ስሟ ይኸው ፊቴ ላይ! መስመሩ ተዘግቶ ማሽኑ ዝም አለኝ። እንዳጋጣሚ አጠገቡ ባልቆም ሰውዬው አልቆለት ነበር። እሷ እንዲህ ያለ ነገር አታሳልፍም፤ እኔ አውቃታለሁ። ምን ነካት?»

ሞታለች ማለት አቃተኝ። የማሽኑን ቁጥር ስጠይቃት ነርሷ «ታማለች እንዴ?» ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሚስተር ዴዝሞንድ የዚያን ቀን ጠዋት ያጸደቁትን ሳያነቡት ነው ያሳለፉት፤ የማስጠንቀቂያው ድምፅ የሚዘገይበት ጉድለት ማንም የሚያነብ ሰው የሚያየው ነበር። እግዚአብሔር ይስጣትና በሽተኛው በነርሷ ንቃት ተርፏል። ከዚያም የእርስዎ ኮሚቴ አጣርቶ «ችግሩ የተፈጠረው ባጸደቀችው ባለሙያ ቸልተኝነት ነው» ሲል ለሆስፒታሎቹ ሊልክ ወሰነ። ስሟ በሙሉ ተጽፏል። ወደ ሚስተር ዴዝሞንድ ቢሮ ሄጄ ይህ ነውር ነው አልኳቸው።

«ሰልቪ፣ ረጋ በይ እንጂ። እሷን ምን ይጎዳታል? ሞታለች እኮ!» አሉኝ።

ከየካቲት ጀምሮ በዚህ ድርጅት ውስጥ አንድ የበላይ ስዊ ሊን መሞቷን ሲያምን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ለሥራ ስትፈለግ በሕይወት አለች፤ ጥፋት የሚሸከም ሲፈለግ ሞታለች። አንድም ሰው ሳያጎድፍባት በንጽሕና የኖረችበትን ስሟን፣ ከእናቷ ሌላ የሚቆምላት የለም ብላችሁ ነው ለመቅበር የተነሳችሁት። ተናደድኩ፤ ቢሮዬ ገብቼም አለቀስኩ። ይህንንም የምጽፈው ሴቶች ያለቅሳሉ የሚለው አስተያየት በማኅደሬ ላይ ካለ እንዲረጋገጥ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የሚከተለውን ማድረጌን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ። የክፍሉን ሠራተኞች የኮምፒውተር መግቢያ መክፈትና መዝጋት በሥራ ዝርዝሬ ላይ ያለ ሥልጣኔ ነውና የስዊ ሊንን መግቢያ ዘጋሁት። ኮምፒውተሩ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ «ወደ ቤቷ ሄዳለች» ብዬ ጻፍኩ። ለሆስፒታሎቹ ሁሉ ደግሞ ያረፈችበትን ቀን ገልጬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በስሟ የጸደቀው አንዱም የእሷ አለመሆኑን በፊርማዬ አረጋገጥኩ። ከዚያ አንቲ ቤት ሄጄ «ከሥራ ወጥታለች» አልኳቸው። መቼ፣ እንዴት ብለው አልጠየቁኝም። ተነስተው ሩዙን ሊያሞቁ ገቡ።

ራስዎ በፈረሙት ደንብ መሠረት የማጽደቅ ቦታው ሲጎድል ሥልጣኑ ወደ ቦርዱ ሰብሳቢ ያልፋል። በመሆኑም ከነገ ጠዋት ጀምሮ በሽተኛ አጠገብ የምትቆመው ነርስ ማሳያው ላይ የምታነበው የእርስዎን ስም ነው። የማስጠንቀቂያውን ጉድለት አርመን ልከንልዎታል፤ እርስዎ እስኪያነቡት ይጠብቃል። ቦታውን ለራሷ ፈልጋ ነው የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አዎ፣ እፈልገዋለሁ። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ይገባኛል። በሕይወት መኖሬ እንቅፋት ካልሆነ ቦርዱ ቢያስብበት።

የሚያጸድቁትን ሁሉ ለማንበብ የሚያስችል ትዕግሥትና ያላነበቡትን ላለመፈረም የሚያስችል ፍርሃት እንዲሰጥዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በየስብሰባው ከወንበሬ በአክብሮት የምነሳልዎ፣ ተጠባባቂ እንኳ ያልተባልኩ አገልጋይዎ፣

ካላይሰልቪ አሩሙጋም
ከፔናንግ

ማስታወሻ፦ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት እንደሚያሰናብቱኝ እገምታለሁ፤ ቅር አይለኝም። አንዲት ልመና ግን አለችኝ። ባሰናበቱኝ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ስሜን ከማሽኑ ያውጡልኝ። ቤት የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ።