ቀንዳሙ አራተኛ ሲመታ

ኅዳር 2

አርባ ሦስተኛውን በር ጨረስኩ። የዛገ፣ ሲከፈት ሲጢጥ የሚል። ቆንጆ ነው። ማንም አያየውም እንጂ... ተጫዋች በር አይቶ አያውቅም፣ ከበሩ ኋላ ያለውን ነው የሚያየው። ቪዲዮ ጌም የሚሠራ መሥሪያ ቤት ከገባሁ አራት ዓመቴ። ሌላው ሰው ጭራቅ ይሠራል፣ እኔ ጭራቁ የሚወጣበትን በር። በርና ሳጥን፣ በርና ሳጥን።

ነገ ስለ ስድስተኛው ጌም ስብሰባ አለ። ሳጥን ጨምሪ ይሉኝ ይሆናል።

ኅዳር 3

ምን ጥልቅ አደረገኝ?

አለቃችን ሰሌዳው ላይ ቀንዳሙን አምስት ጊዜ ሣለው። በየጌሙ መጨረሻ ተጫዋቹን የሚጠብቀውን ጭራቅ፣ ቦስ የምንለውን፣ ያን ግዙፍ። አንደኛው ጌም ላይ ድንጋይ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ብረት፣ ሦስተኛው ላይ በረዶ፣ አራተኛው ላይ መርከብ ላይ ቆሞ፣ አምስተኛው ላይ ክንፍ አውጥቶ። ከሥራቸው አንድ መስመር ጻፈ፦ «ሦስቴ ይመታል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ግንባሩ ላይ ዓይን ይከፈታል፣ ዓይኑን ትመታለህ።» አምስቱም ያው። ግማሽ ሕይወቱ ሲያልቅ ቀልቶ ይፈጥናል። ያው። ከቀንዳሙ አዳራሽ በፊት ያለችው ክፍል መድኃኒት በመድኃኒት ነች። ያው። (ያን ያህል መድኃኒት በነፃ የሚሰጥህ ሰው ካለ ከበሩ ኋላ ደህና ነገር የለም።)

«ሃያ ዓመት አንድ ቦስ» አለ። «ልብስ እየቀያየርንለት። ሰው ሰልችቶታል። ይውጣ።»

ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። «አይወጣም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የኔ ነው።

«ለምን?»

ለምን?... «የሰው እጅ ያውቀዋላ። ማወቁን ነው መጠቀም ያለብን።» ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

«እንግዲያው ሥሪው። ኅዳር 26 አምስቱንም የጨረሱ አምስት የውጭ ሰዎች ይሞክሩታል። አንዳቸው እንኳ 'ይኼንንማ አውቀዋለሁ' ካለ ቀንዳሙ ይሰረዛል። አንቺም ወደ በርሽ።»

ኅዳር 4

እዚህ ማንም አያነብም፣ ልጻፈው። ቀንዳሙን በሕይወቴ አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም።

ልጅ ሆነን ጆይስቲኩ አንድ ነበር። በሩንና ሳጥኑን የምከፍተው፣ መንገዱን ሁሉ የምሄደው እኔ። ምሰሶ የበዛበት አዳራሽ ሲመጣ ወንድም ጋሼ እጁን ይዘረጋል። «አምጪ፣ ታበላሺዋለሽ።» እኔ ትራስ አቅፌ በጣቶቼ መሐል አያለሁ። አምስተኛው ጌም ሲወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሱ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ነበር፣ ያኔም «አምጪ» አለኝ። ሰጠሁት። ይኼ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ... አልነጠቀኝም እኮ፣ ሰጠሁት።

ስቀጠር አለቃችን «አምስቱንም ጨርሰሻል?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ሶፋው አንድ ነበራ፣ እሱ ሲጨርስ እኔም የጨረስኩ ያህል። ከዚያ ወዲህ እዚህ የምጫወተው በማልሞትበት ቁልፍ ነው። እኛ ሠሪዎች ለሙከራ የምንጫነው ቁልፍ አለን፤ እሱን ከተጫንኩ ሰማይ ቢወድቅብኝ አልሞትም።

ኅዳር 9

መንጋጋዬ አበጠ። ወንድም ጋሼ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪም ወንድም ያለው ሰው ሌላ ጋ አይታከምም፣ ቢፈልግም።

«እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። ሦስት ላይ እነቅለዋለሁ፣ እሺ?»

አፌ ውስጥ ሁለት ጣቱ አለ። እሺ ማለቴን እሱ ነው የወሰነው።

«አንድ... ሁለት...»

ነቀለው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወንበሩን ጨብጬ ለሦስት እየተዘጋጀሁ፣ ሁለት ላይ።

«ሁሌ እንዲህ ነው የምታደርገው?» ልለው ነበር፣ ጥጡ አላስወራ አለኝ። ገባው። «ሁሌ» አለ። «ሦስትን የሚጠብቅ ሰው ሁለት ላይ አይታገለኝም።»

ሳቅሁ። ጥጡ እስኪወድቅ ሳቅሁ። ማደንዘዣው በዛባት ብሎ ዓይኔን ገልጦ አየ።

ሦስትን የሚጠብቅ ሰው! ቀንዳሙ ሦስቴ ይምታ፣ እንደ ልማዱ አንገቱን ይድፋ፣ ሃያ ዓመት የለመደው እጅ ሁሉ ወደ ዓይኑ ይሩጥ... አራተኛው ያኔ ይምጣ። ልብሱን አይደለም የምቀይረው፣ ቆጠራውን።

አንድ ጉንጬ አብጦ ብቻዬን እየሳቅሁ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ሰው መንገድ እየለቀቀልኝ።

ኅዳር 13

ሠራሁት። የድምፅ ባለሙያችን አየው። ጆሮ ነው የምንለው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የማን መኪና እንደታመመ ይናገራል።

«ማታለል ብቻ ከሆነ ሰው ይናደዳል። ምልክት ስጪው።»

እውነቱን ነው። ስለዚህ አራተኛውን ሊመታ ሲል አጭር ትንፋሽ ይስባል። እውነት ሲደክመው ግን ዝም። ትንፋሹን ጆሮ ራሱ ቀዳው፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ለድምፁ ይሻላል ብሎ። ግማሽ ቀን እዚያ ሲተነፍስ ዋለ። ዘበኛው ሐኪም ሊጠራለት ነበር።

ኅዳር 16

ጉድ ፈላ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሞተ። አሥራ ሰባት ሰው። ሠዓሊያችን ሃያ ጊዜ ሞታ ጆይስቲኩን ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ወጣች፣ ቀኑን ሙሉ አልተመለሰችም። ትንፋሹን የሰማ የለም። ጆሮ እንኳ... የገዛ ትንፋሹን!

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። አንገቱ ሲደፋ እጃችን ይሄዳል፣ ጆሯችን አይደርስበትም።

አለቃችን፦ «ማንም የማያሸንፈው ቦስ፣ ቦስ አይደለም፣ ግድግዳ ነው። አንቺስ አሸንፈሽዋል?»

«...አዎ።» የትኛውን ቁልፍ ተጭኜ እንደሆነ አልነገርኩትም።

«ሌላ ሰው ሲያሸንፈው አሳዪኝ። እስከ 20። ካልሆነ ፈተናም የለም።»

ያልለመደ እጅ ከየት ላምጣ?

ኅዳር 19

እማዬን ቢሮ አመጣኋት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፣ ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድስት ያዘችው።

«ይኼ መምቻ፣ ይኼ መሸሻ» አልኳት።

«ሰውዬው ምን አድርጎኝ ነው የምመታው?»

ቢሮው በሙሉ ከኋላዋ ቆመ። አራት ጊዜ ሞተች፣ በሞተች ቁጥር ይቅርታ እየጠየቀችኝ። አምስተኛው ላይ ቀንዳሙ ሦስቴ መታ፣ አንገቱን ደፋ። እማዬ አልመታችም።

«እማዬ፣ ምቺው እንጂ።»

«ቆይ እስቲ። ትንፋሽ እየሳበ እኮ ነው። ትንፋሽ የሚስብ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።»

አራተኛው አየር መታ። እማዬ ቀስ ብላ ጠጋ አለች፣ ዓይኑን መታችው። እንዲህ እንዲህ እያለች በስምንት ደቂቃ ጨረሰችው። «ሞተ እንዴ? ምስኪን» አለች።

ጆሮ ጉልበቷን ሊስም ምንም አልቀረው። ሠዓሊዋ ምስጢሩን ጠየቀቻት። «ምን ምስጢር አለው ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብላት ቦርሳዋን አነሳች።

አለቃችን «ሰዎቹ ይምጡ» አለ።

ኅዳር 22

ለፈተናው አራት ሰው ተገኘ፣ አንድ ጎደለ። «አምስቱንም የጨረሰ ሌላ ሰው ታውቂያለሽ?» አለኝ ጆሮ። አውቃለሁ። ደወልኩለት።

«ቀንዳሙን? እሱንማ ዓይኔን ጨፍኜ» አለ ወንድም ጋሼ።

ዓይኑን ቢጨፍን ይሻለው ነበር፣ ትንፋሹ ይሰማው ነበር። አልነገርኩትም። ስልኩን ዘግቼ ወንበሬን ሦስት ጊዜ አሽከረከርኩት።

ኅዳር 26

የፈተናው ቀን።

አራቱ ጠዋት ሞክረው ሞቱ። አንዱ ስቆ ሞተ፣ አንዱ ጫማውን አውልቆ። ከምሳ በፊት ግን ሁለቱ ትንፋሹን ሰምተው አሸነፉት፣ ተቃቀፉ፣ አይተዋወቁም እኮ። «አውቀዋለሁ» ያለ የለም። የቀረው አንድ ሰው።

ወንድም ጋሼ ጋዋኑን ሳያወልቅ መጣ። ጣቶቹን አንቋቋ። ሞተ። ሞተ። አሥራ አንድ ጊዜ። ቢሮው በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል፣ ቀንዳሙ ብቻ ነው የሚተነፍሰው።

«ሦስት ነበር እኮ» አለ። «ሁሌ ሦስት ነው።»

«አንተ ሁሌ ሦስት ላይ ነው የምትነቅለው?»

ዘወር ብሎ አየኝ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፣ ጥርሱን መቁጠር ይቻል ነበር። ከዚያ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። «ይኼንንማ ጭራሽ አላውቀውም» አለ። አለቃችን ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

አሥራ ሁለተኛው ላይም ሞተ። ጆይስቲኩን አየው፣ እኔን አየኝ።

«እንቺ» አለ። «እኔ አበላሸዋለሁ።»

አሥራ ሰባት ሰው ቆሞ። የፈተናው ማሽን ላይ የማልሞትበት ቁልፍ የለም። ጆይስቲኩን ተቀበልኩት። ሁለቴ ሞትኩ። ሦስተኛው ላይ ቀንዳሙ ቀላ፣ ፈጠነ፣ ሦስቴ መታ፣ አንገቱን ደፋ፣ የኔም እጅ ሊሮጥ ፈለገ... ልጅነቴን ሙሉ በጣቶቼ መሐል አይቼው ለካ እጄ ተምሯል። ያዝኩት። ትንፋሹ መጣ። ጠበቅሁ። ወንድም ጋሼ የማን እንደሆነ ያላወቅሁትን ቦርሳ አቅፎ በጣቶቹ መሐል ያያል።

አንዲት መዳፍ የማትሞላ ሕይወት ቀርታኝ ገደልኩት። የጮኸው ወንድም ጋሼ ነው።

ሰው ሲበተን ለአለቃችን ነገርኩት። «ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በፊት አሸንፌዋለሁ ያልኩት ውሸት ነበር።»

«ስንት ጊዜ ዋሸሽኝ?»

«ሁለቴ።»

«ሦስተኛውን አልጠብቅም» አለ። «ቀንዳሙ ይቆያል። ያንቺ ነው።»

ኅዳር 27

በሮቼን ለአዲሷ ሠራተኛ አስረከብኩ። አርባ ሦስቱንም ከፍቼ ዘግቼ አሳየኋት፣ ሲጢጥ የሚለው ላይ ትንሽ ቆየሁ።

እማዬ ደውላ «ያ ሰውዬ እንዴት አደረ?» አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ከወንድም ጋሼ መልእክት መጣ። አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ እዚህም ልገልብጠው፦ «ቅዳሜ ቤት ነይ። ከአንደኛው ጌም እንጀምር። በሩንና ሳጥኑን እኔ እከፍታለሁ።»