ደዋዩን ወደ አውድማው የጠሩት የአቶ ታፈረ ቀለመወርቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታፈረ ከአባታቸው ከቄስ ቀለመወርቅ ምስጋናው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውባለም ካሣሁን ታኅሣሥ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባለች መንደር ተወለዱ። ሲወለዱ እጅግ ደቃቃ ስለነበሩ ታላቅ እኅታቸው ወ/ሮ ካሣነሽ አዝለው አሳድገዋቸዋል። ብርድ ይመታብኛል የሚለው የእኅታቸው ሥጋት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ፣ እርሳቸው ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላም አልተዋቸውም።

ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በደብረ ታቦር ጨረሱ። በ1972 ዓ.ም. በስልክ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው በንፋስ መውጫ ስልክ አገናኝ ሆኑ። በ1977 ዓ.ም. ከወ/ሮ መሰረት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ምስጋናውንና ሕሊናን ወልደዋል።

ኋላ ወደ ሂሳብ ክፍል ተዛወሩ። ሥራቸው ሰው ምክር ለመጠየቅ ከሚደውልበት ባለ አራት አሃዝ አጭር ቁጥር የሚገኘውን ገቢ ማካፈል ነበር። ይህ ቁጥር እንደ መስመር ስልክ የአንድ ከተማ አይደለም፤ ከወገዳም ተደወለ ከጋይንት፣ ዋጋው አንድ ነው። ምን እንደሚሠሩ ዘመድ ሲጠይቃቸው ሁለት ሰዎች ምርት በሚካፈሉበት በእኩል እርሻ ያስረዱ ነበር። መስመሩን የዘረጋው ስልክ መሥሪያ ቤት ባለ መሬት ነው፤ ምክሩን የሚሰጠው ድርጅት ባለ በሬ ነው። በመጀመሪያ እንደ ዘር የመንግሥት ግብር ይነሣል፤ የቀረው በውሉ መሠረት ይካፈላል።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ እኅታቸው አሁንስ ያርፋሉ ብለው ነበር። አላረፉም። «ለምለም የእርሻ ምክር» የተባለ ድርጅት ለገበሬው አጭር ቁጥር ሲከፍት፣ አማካሪ ሆነው ከስልክ መሥሪያ ቤቱ ጋር ውሉን ያዋዋሉት እርሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ስሕተታቸውን ራሳቸው በየሰንበቴው ይናገሩት ስለነበር መጻፉ አያሳፍራቸውም። በእኩል እርሻ ክምሩ ሲተልቅ ሁለቱም ደስ ይላቸዋልና፣ የደዋዩ ሂሳብ መስመሩ ከተከፈተ ጀምሮ በየደቂቃው እንዲታሰብ ተስማሙ። ድርጅቱም ደቂቃው እንዲበዛ ብሎ ደዋዩ ሲጠብቅ የሚሰማውን ሰላምታና ሙዚቃ አስረዘመ።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በስማዳ የሚኖሩት የወ/ሮ ካሣነሽ በሬ ማገጥ የሚባለውን ሣር እርጥቡን በልቶ ሆዱ ተነፋ። ወደ ቁጥሩ ደወሉ። ባለሙያው መስመሩ ላይ ሳይመጣ የሞሉት ካርድ አለቀ። ከጎረቤት ካርድ ለምነው ደግመው ደወሉ፤ ያም በሙዚቃው አለቀ። በነጋታው ለወንድማቸው ደወሉ።

«ታፈረ፣ ስልካችሁ ሲዘፍንልኝ በሬዬ ሞተ።»

አቶ ታፈረም መለሱ፦

«እቴ፣ ያዋዋልሁት እኔ ነኝ። ባለ መሬቱንና ባለ በሬውን ሳይ፣ የሚካፈለው የማን እህል እንደሆነ ረሳሁ። ደዋዩን አውድማው ላይ አልጠራሁትም።»

በዚያው ሳምንት ዝናብ እየወረደ፣ ካፖርት ደርቡ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው፣ ድርጅቱ ዘንድ ሄዱ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፤ ባለሙያው አፉን እስኪከፍት ድረስ ያለው ጥበቃ አይቆጠር። ድርጅቱ ገቢዬ ይወድቃል ብሎ አምስት ወር አመላለሳቸው፤ የአቶ ታፈረ ስምም በገበሬው ዘንድ በክፉ መነሣት ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ የራሳቸውን የአማካሪነት ክፍያ ለሁለት ዓመት ትተው አስፈረሙ። ጥር 2015 ዓ.ም. አዲሱ ውል ጸና። ሙዚቃው ለድርጅቱ የማይጠቅም ሲሆን ወዲያው አጠረ። ገበሬው ሳይፈራ መደወል ጀመረ፤ ውሎ አድሮም ክምሩ ከቀድሞው በለጠ። አምና የወ/ሮ ካሣነሽ ጊደር ሆዷ ሲነፋ ባለሙያው ቶሎ አንሥቶ ምን እንደሚደረግ ነገራቸው። ጊደሯ ዛሬ የደረሰች ላም ናት።

አቶ ታፈረ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። የካፖርቱ ነገር እኅታቸውን እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኅታቸውን ትተው ሄደዋል። የልጅ ልጆቹም በዚህ ብርድ ነጠላ ብቻ ለብሰው እንዳይቆሙ እኅታቸው አደራ ይላሉ።

ሰው ደጅ ላይ ሲጠብቅ ማየት የማይወዱትን ወንድማችንን፣ እግዚአብሔር በገነት ደጅ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን። አሜን።