አራቱ የሽመላ ጫጩቶች

ጥቅምት ፳፬ ቀን

ቀጮዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ትልቅ ሰው ሆነሽ በልጅነት ስምሽ ስጠራሽ አትቆጪኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ጤና ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ወፍ ነው፤ አትሳቂ። ክረምቱ ሲጋመስ ነፋሱ ሐይቁ ዳር ያለውን ትልቁን ዛፍ ገንድሶ ጣለው። አራት የሽመላ ጫጩቶች ከነጎጆአቸው ጭቃ ላይ ወደቁ። እናትና አባታቸው ሁለት ቀን ሲያንዣብቡ ቆይተው ሄዱ። እኔም በካርቶን ይዣቸው የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ ሮጥኩ። የአንዷን የተሰበረ ክንፍ አሰረችና፣ “አባባ፣ እኔ ቦታ የለኝም። የእርስዎ የእንጨት ሥራ ክፍል ሰፊ ነው፤ ያሳድጓቸው። ግን እንደማያናግሯቸው ይማሉልኝ። ሰው ከለመዱ በረው አይሄዱም” አለችኝ።

ማልኩ። ፊቴን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ትንንሽ ዓሣ በመቆንጠጫ አቀብላቸው ጀመር፤ በቀን ስድስት ጊዜ። ጎረቤታችን፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ “አንተ ሰውዬ፣ በዓሣህ ሽታ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ሥራ ፈታ!” ትለኛለች። በቀን የምሰማው የሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር።

ሦስቱ በረቱ። ክንፏ የታሰረው፣ እግሯ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነው ጫጩት ግን ምግብ እምቢ አለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንገቷን ወለሉ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። ጨርቁን ከፊቴ ገፈፍኩና፣ “ቀጮ፣ በይ አንዲት ብቻ፣ ለአባባ ስትይ” አልኳት።

በላች። ልጄ፣ በላች! ከዚያ ወዲያ ምላሴን ማን ይሰብስበው? ስለ እናትሽ የመጨረሻ ሳምንት ሳይቀር ነገርኳት። ያንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሽመላ ድምፅ የለውም፤ እሷ ግን ስትሰማኝ ምንቃሯን ታንቀጫቅጭልኝ ነበር።

መስከረም ሲያልቅ በሩን ከፈትንላቸው። ሦስቱ በረሩ። እሷ ጣሪያው ላይ ወጣችና ተመልሳ አጠገቤ ቆመች። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ እሱ ባሰብኝ።

“አውርተዋታል አይደል?”

“አውርቻታለሁ።”

“እንግዲህ እንድትረሳዎ ያድርጉ።”

ሦስት ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። አዋላጇ ፊቷን ሸፍና ዓሣውን በየቀኑ ከግቢው ራቅ፣ ወደ ሐይቁ ቀረብ እያደረገች ታስቀምጥላት ነበር። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ቆማ ምንቃሯን ታንቀጫቅጫለች። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ትንፋሼን እውጣለሁ። አንድ ቀን እጄ መቀርቀሪያው ላይ አርፎ አገኘሁት፤ በሌላኛው እጄ ይዤ መለስኩት።

ከዚያ መምጣቷን እየቀነሰች ሄደች። ትናንት ረፋዱ ላይ አዋላጇ በመስኮት ጠራችኝ፤ “ውጣና እያት!” አለች። ከሐይቁ በላይ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ሄደች። ስሟን አልጠራሁም። አዋላጇ ስታለቅስ እኔ አጽናናኋት፤ አስቢው እንግዲህ!

ባለፉት አራት ደብዳቤዎቼ “መቼ ትመጫለሽ?” እያልኩ ጨቅጭቄሽ ነበር። በዚህኛው አልጠየቅኩሽም፤ ልብ በይልኝ።

የምትረግጪው መሬት ይለስልስልሽ። ደግ ሰው አያሳጣሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ።

አባትሽ

የአልጋሽ እግር ይወዛወዝ ነበር፤ ዛሬ አጠበቅኩት።